«ይለምድብሻል» እያሉ ልጅን ከጀርባ ማውረድ

ልጇን በነጠላ አዝላ ሽንኩርት የምትከትፍ እናት መካሪ አታጣም። አንዱ «አውርጂው፣ ይለምድብሻል» ይላታል፤ ሌላው «እግሩ ሸፋፋ ይሆናል» ብሎ ያስፈራራታል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ማዘል የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ዛጎል የተደረደረበት የቆዳ አንቀልባ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይሸጣል፤ ልጅ የሚታዘልበት ቤት ግን እየቀነሰ ነው። በእኔ እምነት ይህ ሁሉ ምክር መሠረት የለውም፤ እናትንም ልጅንም ይጎዳል።

«ይለምዳል» የሚለውን እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞንትሪያል የተሠራ ጥናት 99 እናቶችን ከነሕፃናታቸው ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሶቹ ልጃቸውን ቢያለቅስም ባያለቅስም ከወትሮው አብልጠው እንዲሸከሙ አደረገ። ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው የእነዚህ ልጆች ልቅሶ ከሌሎቹ በ43 በመቶ አንሶ ተገኘ። ቁም ነገሩ «ባያለቅስም» የሚለው ላይ ነው። ልቅሶን የሚለምደው ካላለቀሰ የማይነሣ ልጅ ነው፤ እናቱ ቤት ስትጠርግ ጀርባዋ ላይ የሚውል ሕፃን ግን ለመታቀፍ መጮህ አያስፈልገውም። እርግጥ ማዘል ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። እነዚያው ተመራማሪዎች በ1991 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ቀድሞውንም ያለ ልክ የሚያለቅሱ ሕፃናትን አብዝቶ መሸከም ልቅሷቸውን አልቀነሰውም።

የእግሩ ስጋት ደግሞ ጥፋቱን የሚጥለው ጥፋተኛ ባልሆነው ላይ ነው። የሕፃን እግር ሲፈጠርም ጎበጥ ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይቃናል። ካልተቃና በእኛ አገር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፀሐይ በማጣት የሚመጣው ሪኬትስ የተባለ የአጥንት በሽታ ነው። ጉዳቱም በእግር ብቻ አያበቃም፤ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች ባለባቸው 500 ሕፃናት ላይ ሪኬትስ ምች ከሌለባቸው 500 በብዙ እጥፍ በዝቶ አግኝቶታል። ስለዚህ የሚያሳስበን ቤት ውስጥ ተሸፋፍኖ የሚውለው ልጅ ሊሆን ይገባ ነበር። ለዳሌም ቢሆን የሚያሰጋው እግርን ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ነው፤ ጃፓን ከ1975 ጀምሮ ይህን ልማድ ለማስቀረት ዘመቻ ስታካሂድ የሕፃናት ዳሌ መውለቅ በእጅጉ ቀንሷል። የታዘለ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭኑን ከፍቶ የእናቱን ወገብ ያቅፋል፤ ለዳሌው የሚስማማውም ይኸው አቀማመጥ ነው።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው፤ መካሪዎቹ ግን አያነሱትም። አንገቱ ያልጸና ሕፃን ፊቱ በጨርቅ ከተሸፈነ ወይም አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2010 ከአራት ወር በታች ላሉት በተለይ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ጭስ የሚጨስበት ምጣድ ዳርና የፈላ ጀበና አጠገብም አዝሎ መሥራት አይገባም። የእናትየው ወገብ መታመሙም እውነት ነው፤ ለዚህ ግን መፍትሔው ልጁን ማውረድ ሳይሆን ሸክሙን መካፈል ነው። አባትም ጀርባ አለው። እናንተም መካሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ «አውርጂው» ከማለታችሁ በፊት ነጠላውን ተቀበሏትና እናንተ እዘሉት።