ስለ ባዶ ዕቃ ሁለተኛ ጥቅምና ስለ ነጋዴው ኀላፊነት

ንግድ ማለት ዕቃን ከአምራች ተረክቦ ለገዢ ማድረስ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን የምናስብ ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ በውስጡ የነበረው ዘይት፣ ቀለም ወይም ዱቄት ካለቀ በኋላ መያዣው ራሱ ሌላ አገልግሎት ይጀምራል። በአገራችን ከዚህ አገልግሎት ያልተጠቀመ ቤተ ሰብ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ባዶ ዕቃን መልሶ መጠቀም የችግረኛ ብልኀት ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የንግዳችን አንድ ክፍል ነው። የንግዳችን ክፍል ከሆነም ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ ስለ መያዣው ሁለተኛ ጥቅም ጭምር ሊያስብበት ይገባል።

ለዚህ አባባል ማስረጃው በየገበያው ይገኛል። ጣሳ ይዘቱ ካለቀ በኋላ እህልና በርበሬ መስፈሪያ ሆኖ ስሙን ለልኩ ሰጥቷል። ገበሬው ማዳበሪያ የሚገዛበት 50 ኪሎ የሚይዝ ከረጢትም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ እህልም ይያዝበት ከሰል፣ ሕዝቡ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ ይጠራዋል። በየደጃፉ ጤና አዳምና በሶብላ የሚያበቅለው የዘይት ቆርቆሮ፣ በየጓዳው ሽሮና ቅመም የተደረደረበት የማር ብርጭቆ፣ ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ የተሰፋው ምንጣፍ ሁሉ የዚሁ ልማድ ፍሬዎች ናቸው።

ይህም ልማድ የራሱ ነጋዴዎች አሉት። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ማንም የማይፈልገውን ብረትና ቆርቆሮ በገንዘብ ይገዛል፤ «ልዋጭ» ባዩም አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የቤት ዕቃ ይሰጣል። የሰበሰቡት ነገር ከሚደርስባቸው ሥፍራዎች አንዱ በመርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ ነው። በዚያም ባለ እጆቹ በርሜሉን ቀጥቅጠው ምድጃ፣ ቆርቆሮውን ቈርጠው ማንደጃ ያደርጉታል፤ የመኪና ጎማም በባለሙያ እጅ በረባሶ ጫማ ይሆናል። የሚሠሩበት ጥሬ ዕቃ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ወደ አገር የገባ በመሆኑ፣ አዲስ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ይህን የሚያህል የንግድ ሰንሰለት በእኛ በነጋዴዎች ዘንድ እንደ ንግድ አለመቈጠሩ ሊያስገርመን ይገባል።

የጓሮ አትክልትም ለዚህ ንግድ ሰፊ በር ከፍቷል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ቤተ ሰብ በግቢው ምግቡን እንዲያመርት ካበረታታ ወዲህ፣ መሬት የሌለው የከተማ ነዋሪ ጭምር በጀሪካንና በከረጢት መትከልን እየተማረ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። 20 ሊትር የሚይዘውን የምግብ ዘይት ጀሪካን አፉን ቈርጦ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ አብጅቶ፣ ጠጠር አንጥፎ፣ ከቡና አተላና ከአትክልት ልጣጭ ከተዘጋጀ ብስባሽ ጋራ የተደባለቀ አፈር መሙላት ነው። ሥራቸው ጥልቅ ያልሆነው ሰላጣና ቆስጣ በዚህ ይስማማቸዋል፤ ለካሮት ግን ጥልቀት ያለው ከረጢት ይሻላል።

ነገር ግን ጥቅሙን ስንናገር ጕዳቱን መሸፈን አይገባንም። ቤተ ሰቡ የጀሪካኑን መልክ ያያል እንጂ ታሪኩን አያውቅም። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካንና ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን አጠገብ ለአጠገብ ሲሸጡ ልዩነታቸውን ማን ይነግረዋል? መድኃኒቱ ወደ ፕላስቲኩ ግድግዳ ዘልቆ ስለሚገባ፣ መያዣው ሦስት ጊዜ ቢታጠብ እንኳ ለመጠጥ ውሃም ሆነ ለምግብ ሊያገለግል አይገባም፤ ታጥቦና ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት ተበስቶ በአግባቡ መወገድ አለበት። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸረቸሩም እንዲሁ ነው፤ ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው ውሃ ሲጠጣበት ነውና። ነዳጅ የነበረበት በርሜልም ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ በውስጡ የቀረው ትነት በእሳት ሲቈረጥ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ አደጋው በባለ እጁ ላይ ይወድቃል።

«ዕቃው ከሱቄ ከወጣ በኋላ ገዢው ለሚያደርገው እኔ ምን ቸገረኝ?» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ስለ ፀረ ተባይ ቍጥጥር የወጣ አዋጅ አለና ጕዳዩ ለመንግሥት ይተው የሚልም አይጠፋም። የአዋጅ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ዳሩ ግን አዋጅ በየጕልቱ ቆሞ ጀሪካን ሲለይ አይውልም። በመያዣው ውስጥ ምን እንደ ነበረ በእርግጥ የሚያውቀው መጀመሪያ የሸጠው ሰው ነው። ዐውቆ ዝም ማለትም ለማንም ነጋዴ ክብር አይሆንም።

ደግሞም ይህ ኀላፊነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የለስላሳና የቢራ ነጋዴዎቻችን ባዶ ጠርሙስ ያመጣን ደንበኛ ያለ ተጨማሪ መያዣ ሲያስተናግዱ፣ ያላመጣውን ግን የጠርሙሱን ዋጋ ሲያስይዙ ኖረዋል። በዚህ ልማድ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ማንም አልከሰረበትም። ለጠርሙስ የሠራው ደንብ ለጀሪካንና ለቀለም ቆርቆሮ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ አባሎች ሦስት ዐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ አምራቾችና አስመጪዎች መያዣው ካለቀ በኋላ ለምን እንደሚያገለግልና ለምን እንደማያገለግል፣ ማንበብ ለማይችልም በሚገባ ሥዕል ጭምር፣ በጕልሕ ያትሙበት። ሁለተኛ፣ ፀረ ተባይና ሌላም አደገኛ ኬሚካል የሚሸጡ ነጋዴዎች ገንዘብ አስይዘው ባዶውን መልሰው ይቀበሉ፤ ቤተ ሰቡ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲል ጀሪካኑን ለውሃ መቅጃ ከማድረግ ይቈጠባል። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ቆራሌዎችንና የምናለሽ ተራን ባለ እጆች እንደ ነጋዴ ቈጥሮ ወደ ስብሰባው ይጥራቸው፤ የትኛው ዕቃ ለቤት፣ የትኛው ለማቅለጫ፣ የትኛው ለመወገድ እንደሚሆን ከእነርሱ ጋራ ይወስን።

ወጪ የለበትም አንልም። ሥዕል ማተም፣ ባዶ ዕቃ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን ያልተለየና ያልተሰበሰበ ዕቃ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አይተነዋል፤ በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ መካከል በዚያው አካባቢ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ይገኙበታል። ከዚያ ክምር ውስጥ ጥቂቱ የተፈጠረው በእኛው ሱቆች ከተሸጠ ዕቃ እንደ ሆነ ልንክድ አንችልም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ይታወሳል። ይህን ክልከላ እንደ ቅጣት ብቻ የተመለከተው ነጋዴ አለ፤ ከልብስ ስፌት ቁራጭ የሚሠራ የጨርቅ ቦርሳ ገበያ እንደሚሻ ያስተዋለ ደግሞ ትርፍ ያገኝበታል። በጀሪካኑና በቆርቆሮውም ነገር ምርጫው ይኸው ነው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ሕግ አስገድዶን ከምናደርገው ይልቅ ዛሬ በራሳችን ደንብ ብንጀምረው ለደንበኛው ጤንነት፣ ለባለ እጁ እንጀራ፣ ለነጋዴውም መልካም ስም ይበጃል።