ሄንሪን እናውቃለን፤ መንግሥቱንስ?

ጁገል ውስጥ ከአንዱ ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር ወሬያችን የአርሰናል አጥቂዎች ናቸው። ቲየሪ ሄንሪ ለክለቡ 228፣ ኢያን ራይት ደግሞ 185 ጎል ማግባታቸውን እንደ ዳዊት በቃላችን እንወጣዋለን። በዚህ አንነቀፍም፤ የሰውን ሙያ ማድነቅ ነውር አይደለምና።

ነገር ግን በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ጎሎቹን እነማን አገቡ ብንባል እርስ በርሳችን እንተያያለን። ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። አምበሉ ሉቻኖ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ከመካከላችን ስንቶቻችን ሰማን?

ጥፋቱ የእንግሊዞች አይደለም። እነርሱ የተጫዋቾቻቸውን ታሪክ ጻፉ፤ እኛ የኛን ለሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ተውነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ታሪኩም አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ ጓደኞች ሆይ፥ በመጪው ዕረፍት በጁገል ውስጥም ሆነ ከበሮቹ ውጭ፣ በየሰፈራችን ካሉት የቀድሞ ኳስ ተጫዋቾች የአንዱን ታሪክ ጠይቀን ጽፈን እንመለስ። እርሳስና ደብተር እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ከዚያ በኋላ ስለ ሄንሪ ብናወራ ያምርብናል።