በር ከፋቹ ትኩሳት

በስኮትላንድ ተራራማ ግጦሾችና በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ፀደይ ሲገባ መዥገሩ ከሣሩ ሥር ይነቃል። ግልገሎች ከእናቶቻቸው ጋር ለግጦሽ የሚሰማሩትም በዚሁ ሰሞን ነው። መዥገር ወለድ ትኩሳት የሚባለው የበግ በሽታ የሚይዛቸው ያኔ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ሕመም ይታለፋል፤ በጉ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያተኩሰዋል፣ መጋጥ ይቀንሳል፣ ከዚያም ያገግማል። እኔ ግን ይህ ግምት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የበሽታው ጉዳት መለካት ያለበት ራሱ በገደላቸው በጎች ቁጥር ሳይሆን ለሌሎች በሽታዎች በከፈተው በር ነው።

ምክንያቱ የበሽታው አምጪ ባክቴሪያ የሚራባበት ቦታ ነው። አናፕላዝማ ፋጎሳይቶፊለም መኖሪያው የሚያደርገው ኒውትሮፊል የተባሉትን፣ ማለትም ወራሪ ተሕዋስያንን ውጠው የሚያጠፉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። የበጉ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ያልፋል፤ በቀጣዮቹ ቀናት የኒውትሮፊሎቹ ቁጥር ያሽቆለቁላል፣ የተረፉትም በወጉ አይሠሩም። ቆዳ ላይ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ወደ ደም ይገባና በመገጣጠሚያ፣ በጉበትና በአከርካሪ አካባቢ መግል ይቋጥራል። ግልገሉ ጉልበቱ አብጦ ያነክሳል፤ መግሉ አከርካሪውን ከተጫነው ደግሞ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ይቀራል። አርቢው በመዝገቡ የሚያሰፍረው «ማንከስ» ወይም «መግል» ብሎ ነው፤ ትኩሳቱ ግን የትም አይጻፍም።

የበሽታው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1932 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጽ ተመራማሪዎቹ ይከታተሉ የነበረው ሉፒንግ ኢል የተባለውን፣ አንጎል የሚያጠቃ የበጎች ቫይረስ ነበር። ትኩሳቱ ከሌላ በሽታ ጀርባ ተሸሽጎ ተገኘ፤ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎችም ሁለቱ ሲደራረቡ ቫይረሱ እንደሚበረታ አሳዩ። መዥገር ከሌለበት አካባቢ ተገዝተው የመጡ እርጉዝ በጎች በትኩሳቱ ይጨነግፋሉ፤ የአውራ በጎች የዘር ፍሬም ለጊዜው ይዳከማል። ይህም ቢሆን በመራባት ችግር ስም ይመዘገባል እንጂ በመዥገር ስም አይመዘገብም።

«መዥገሩን በመድኃኒት ማጥፋት አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጀርባ ላይ የሚፈስሰው መድኃኒት ለግልገሎች በእርግጥ ይረዳል፤ ነገር ግን የሚከላከለው ለሳምንታት ብቻ ነው፣ በዚያው ግጦሽ የሚኖሩ አጋዘኖችም መዥገሩን በደማቸው መቀለባቸውን አያቆሙም። ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ በመዥገር አገር ያደገ መንጋ በሽታውን ለምዶታል፣ ስለዚህ ሊያሳስብ አይገባም ይባላል። መልመዱ እውነት ነው። ሆኖም ይህ መከላከያ መዥገር ሲጠፋ በወራት ውስጥ ይሳሳል፣ ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላውም ሙሉ በሙሉ አይሻገርም፤ አዲስ የተገዛ በግ ደግሞ ጨርሶ የለውም። ስለዚህ የተገዙ እንስቶች መዥገሩን መልመድ ያለባቸው በአውራ ከመጠቃታቸው በፊት ነው፤ ካረገዙ በኋላ ከሆነ ዋጋው ጽንሱ ነው። ግልገል ሲያነክስም ሐኪሙ መግሉን ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም፤ ገና ከሚያተኩሳቸው የመንጋው ግልገሎች ደም ወስዶ በጊምሳ ቀለም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት፤ ትኩሳቱ ከበረደ ባክቴሪያው በዚህ መንገድ እምብዛም አይታይምና።