ብረት አስተኔው በፖሊመሩ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1977 ሂደኪ ሺራካዋ፣ አለን ማክዳያርሚድና አለን ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር ከአዮዲን ጋር በማገናኘት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን በሚሊዮኖች እጥፍ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ከፊል አስተላላፊ የሆኑ ኦርጋኒክ ቁሶችን ለማሻሻል በፖሊመር ሰንሰለት ውስጥ ብረት አስተኔ የማስገባት ጥረት ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ «ብረት አስተኔው ለምን ገባ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ በቂ መልስ አያገኝም።

ጥያቄው መልስ የሚያገኝባቸው ጉዳዮች አሉ። ኤሌክትሪክ ብርሃን ሰጪ በሆነ ኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ሲያልፍ ከሚፈጠሩት አራት የተነቃቁ ሁኔታዎች በአማካይ ሦስቱ ትሪፕሌት ናቸው። እነዚህ ብረት አስተኔ በሌለባቸው አብዛኞቹ ኦርጋኒክ ቁሶች ውስጥ ብርሃን ሳይሰጡ ይጠፋሉ። እንደ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ያሉ ከባድ አቶሞች ግን የኤሌክትሮኑን እሽክርክሪት ከምሕዋራዊ እንቅስቃሴው ጋር አጥብቀው ስለሚያስተሳስሩ ትሪፕሌቱ ብርሃን እንዲሰጥ መንገድ ይከፍታሉ። እዚህ ላይ ብረት አስተኔው ሥራ አለው።

በአንጻሩ ብረት አስተኔ ሳይጠራ ገብቶ ጉዳት ያደርሳል። ብዙዎቹ ከፊል አስተላላፊ ፖሊመሮች የሚዘጋጁት በፓላዲየም ካታሊስት ነው፤ በሚገባ ያልጸዳ ቅሪት የኤሌክትሪክ ሙል ተሸካሚዎችን ሊያጠምድና የመሣሪያውን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ የታቀደው ብረት አስተኔ ያስገኘው ለውጥ ከቅሪቱ ተጽዕኖ ካልተለየ ድምዳሜው አሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ ምርጫው ነው። ፕላቲነምና ኢሪዲየም ብርቅና ውድ ናቸው። መዳብ ርካሽ ነው፤ በአንዳንድ ውህዶቹም የትሪፕሌትና የሲንግሌት የኃይል ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ፣ በክፍል ሙቀት ትሪፕሌቱ ወደ ሲንግሌት ተመልሶ ብርሃን ይሰጣል። መዳብ ሲነቃቃ ቅርጹን ስለሚቀይር ኃይሉ በሙቀት መልክ ይባክናል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ነገር ግን አቶሙን አጥብቀው የሚይዙ ጠንካራ ሊጋንዶች ብክነቱን ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ችግሩ መዳብን ለመተው ሳይሆን ሊጋንዱን በጥንቃቄ ለመንደፍ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አዲስ ፖሊመር የሚያቀርብ ጥናት ሁለት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባል፦ ብረት አስተኔ ከሌለበት አቻ ፖሊመር ጋር የተደረገ ንጽጽርና የተለካ የካታሊስት ቅሪት መጠን። እነዚህ በሌሉበት አዲስ ውህድ መሥራት የኬሚስቱን ሙያ ያሳይ ይሆናል፤ ብረት አስተኔው ማስፈለጉን ግን አያረጋግጥም።