ቁርጥማት አራተኛ ፎቅ ላይ

ሰሚት ወይ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ። ጠዋት ጉልበታቸውና ጣታቸው ከሰዓት በላይ አልታዘዝ የሚላቸው እናት ሐኪም ቤት ለመሄድ ደረጃውን እንዴት ይውረዱት? "ብርድ ነው" ተብሎ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ይመጣል። ያስታግሳል፤ ሲዘወተር ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ቁርጥማት ሁሉ ብርድ አይደለም። ሩማቶይድ የሚባለው መገጣጠሚያ ያበላሻል። ዋና መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል። (ቤታችሁ የሚወስድ ካለ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።) ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ፣ የደም ምርመራው ቀን እንዳያልፍ የሚከታተል ነርስ ያስፈልጋል።

በር የሚያንኳኩ ነርሶች ደግሞ አሉን፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ15 ዓመት በላይ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስለ ክትባትና ስለ ቲቢ ይጠይቃሉ። እኔ የምለው፣ "እማማ፣ ጠዋት እጅዎ ይተሳሰራል? የሳምንቱን ክኒን መቼ ዋጡ?" የሚለውም ቅጻቸው ላይ ይግባ።