ስንት ሜትር ነው አትበሉኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሽቱትጋርት የቴሌቪዥን ማማ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ብለጥፍ ኮሜንቱ ሁሉ ስለ ቁመት ሆነብኝ። «የበርሊኑ ይበልጣል»፣ «የኛ ንግድ ባንክ እኮ ሊደርስበት ምንም አልቀረው»። አዎ ይበልጣል፣ የበርሊኑ 368 ሜትር ነው፣ ይሄ 217 ገደማ። ደስ ይበላችሁ።

ግን ይሄኛው ታላቅየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሲከፈት በዓለም የመጀመሪያው የአርማታ ቴሌቪዥን ማማ ነበር። ጣቢያው አስቦ የነበረው በሽቦ የተወጠረ ተራ የብረት ምሰሶ ነው። ገንዘብ ከወጣ አይቀር ሰው ወጥቶ ከተማውን የሚያይበት፣ ቁጭ ብሎ የሚበላበት ይሁን ብለው የተሟገቱት ኢንጂነሩ ፍሪትዝ ሊዮንሃርት ናቸው። 4.2 ሚሊዮን ማርክ ፈጀ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከጎብኚ በተገኘ ገቢ ተመለሰ።

እኔን 150 ሜትር ላይ ቆሜ ያብሰለሰለኝ ግን ሌላ ነው። በ2013 የከተማው ከንቲባ ፍሪትዝ ኩን ማማውን ዘጉት። አደጋ ደርሶ አይደለም። እሳት ቢነሳ ላይ ያለው ሰው የሚያመልጥበት አስተማማኝ መንገድ የለም ተብሎ ነው። የከተማዋ ምልክት፣ 57 ዓመት የሠራ ማማ፣ እስከ ጥር 2016 ድረስ ለጎብኚ ተቆለፈ!

አምና አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ሱቅ የተከራየችበት ፎቅ ሄጄ ነበር። የአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ በካርቶን ተሞልቷል፣ ታች ያለው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ዘበኛው «ሌባ እንዳይገባ ነው» አለኝ። አስተዳዳሪው ጋ ወጣሁ። «እስካሁን ምን ሆነ?» አለኝ፣ ሻዩን እየጠጣ። እሷ ደግሞ ጎትታ አወጣችኝና «አንተ ነገ ትሄዳለህ፣ ኪራይ የሚጨመርብኝ እኔ ነኝ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ። አረፍኩ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጀርመን ሀብታም ስለሆነች ነው ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ባካችሁ! ካርቶን ለማንሳት ምን ሀብት ያስፈልጋል? ቁልፍ ለመክፈት የማን ብድር ይጠበቃል? ባለፎቁ ለመስታወቱ ያወጣውን እናውቃለን። «እስካሁን ምን ሆነ» ማለት እኮ ሬሳ እስኪቆጠር እንጠብቅ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ቁመት የምትለኩ ወዳጆቼ፣ ሰኞ ሥራ ስትገቡ ሊፍቱን ተዉትና በአደጋ ጊዜ ደረጃው እስከ ታች ውረዱ። በሩን ግፉት። ያገኛችሁትን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የአክስቴን ልጅ ሕንፃ ስም ግን አትጠይቁኝ፣ ላልናገር ቃል አስገብታኛለች።