ለገንዘብ ሣጥን ዋስ፣ ለሕፃን ወረቀት

አንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ዋስ ይጠይቃል፤ ሣጥኑ ቢጎድል የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ይፈልጋል። ሕፃናትን የሚጠብቅ ወይም አረጋውያንን የሚጦር ሰው ሲቀጠር ግን፣ ያውም ከተጠየቀ፣ የሚጠየቀው አሻራ ሰጥቶ ከፖሊስ የሚያመጣው «ከወንጀል ነፃ» ማስረጃ ነው፤ ብዙዎቻችን ለውጭ አገር ጉዞ የተሰለፍንለት ያው ወረቀት። ማስረጃው አያስፈልግም አልልም። የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ከግል ማኅደሩ ጋር ከተያያዘ በኋላ ሁላችንም እፎይ ማለታችን ነው።

በእንግሊዝ አገር በ2001 መጨረሻ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢያን ሀንትሊ የተባለ ሰው በሶሃም ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት በሕንፃ ጠባቂነት ተቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶችን ገደለ። ሰውየው ቀደም ሲል በሌላ አውራጃ በተደጋጋሚ በወሲብ ወንጀል ተጠርጥሮ ነበር፤ በአንዱም ግን አልተፈረደበትም። በ2004 ይፋ የሆነው የሰር ማይክል ቢቻርድ የምርመራ ሪፖርት እንዳሳየው፣ የአንዱ አውራጃ ፖሊስ የደረሱትን ጥቆማዎች በአግባቡ አላኖረም፤ የሌላው ደግሞ ያጣራው ከሁለቱ የቤተሰብ ስሞቹ በአንዱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌላው ጽንፍ ተሄደ፤ በ2006ቱ ሕግ መሠረት 9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለመመዝገብ ታቀደ፣ ትምህርት ቤቶችን የሚጎበኙ ደራስያን ሳይቀሩ ተቃወሙ፣ በ2010 ምዝገባው ቆመ።

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስለን፣ በወሎ የጃሪ የሕፃናት መንደርን ይመራ የነበረ እንግሊዛዊ በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸሙ በ2003 በአገራችን ፍርድ ቤት የ9 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ያልተረጋገጠ ክስ በፖሊስ ማስረጃ ላይ ይጻፍ የሚል አቋም የለኝም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ያልተፈረደበትን ሰው እንደ ንፁሕ ይቆጥረዋል፤ በሐሰት የሚከስ ጠላትም አይጠፋም። ሆኖም ፖሊስ የማያውቀውን የቀድሞ አሠሪ ያውቃል፣ አውቆም ዝም ይላል። ጠባዩ ያላማረ ሠራተኛ «በሰላም ይሂድ» ተብሎ ይሸኛል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም ምስጉን እንደነበር ይመሰክርለታል። አዲሱ ቀጣሪ ስልክ አንሥቶ «ዳግመኛ ይቀጥሩት ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተጠያቂውም በቅን ልቡና በሰጠው መልስ በስም ማጥፋት እንዳይከሰስ ሕግ ቢጠብቀው፣ ከአሻራው ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ራሴን ነፃ አድርጌ አይደለም። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ በሴት ተማሪዎች ላይ ስላለው ጠባይ ሹክሹክታ ይሰማበት ለነበረ ባልደረባ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ፈርሜያለሁ። በመሄዱ ደስ ብሎን ነበር። የተቀጠረው አዳሪ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት መሆኑን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ስልክ አልደወልሁም።